ከማድቤት ያልወጣችው ምራት

ከሕንድ በስተሰሜን ባሉት የፓልፓ ተራሮች ላይ ምስጢር መደበቅ ከባድ ነው። ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ አራት ቀን እሳት አትነካም፣ ውሃ አትቀዳም፤ ከጎሹ ጋጣ ጎን ባለችው ክፍል ለብቻዋ ትተኛለች። በአምስተኛው ቀን ገላዋን ታጥባ ወደ ማድቤቷ ትመለሳለች። እንግዲህ አማት የምራቷን ወር ለማወቅ ጣት መቁጠር አያሻትም፤ ምሳውን ማን እንዳበሰለ ማየት ይበቃታል።

ቱልሳ የዚህ ተራራ ምራት ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ሂክማት ኳታር ይሠራል፤ እሷ ከሁለት ሴት ልጆቿና ከአማቷ ጋር ትኖራለች። ካውሺላ ደግሞ የእናቷ የአክስት ልጅ ስትሆን፣ ከሀገር ወጥታ ሕንድ ዴህራዱን ከተማ በአንድ የሴቶች ክሊኒክ አልጋ ታነጥፋለች፣ በሽተኛ ትደግፋለች። ደብዳቤዎቻቸውን ‘ለሌላዋ ይጠቅማል’ ብለው ሰጥተውኛል። ስማቸውን ቀይሬ፣ ወራቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ ይኸው። የጎረቤት ሐሜቱን ቆርጬ ላወጣ ሞክሬ ነበር፤ ሁሉንም ግን አልቻልኩም።

ሐምሌ 26 ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ ካውሺላ፣

ከሩቅ ሆኜ እግርሽን ዳስሼ ሰላም እልሻለሁ። አምላካችን እናት ባግዋቲ ጉልበትሽን ታጽናልሽ፣ የሰው አገር እንጀራሽን ታጣፍጥልሽ። እኛ ደህና ነን። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ጎሿ ወልዳለች፣ ሩዙ ተተክሎ አልቋል። አማቴም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው ደህና ነው።

ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው። ስልክ ያልደወልኩት ስልኩ ከአማቴ ወገብ ስለማይወርድ ነው። ሲያወሩም ድምፁን ከፍተው ነው። ሂክማት ከኳታር ‘እንዴት ነሽ?’ ሲለኝ የታችኛው መንደር ሰው ‘ደህና ናት’ ብሎ ሊመልስለት ይችላል።

ሂክማት በሚያዝያ መጥቶ በግንቦት መጨረሻ ተመለሰ። በሰኔ አበባዬ ቀረ። እኔ ደግሞ የረዳት አዋላጅነቱን ፈተና ያለፍኩት በዚያው ወር ነው። አሥራ ስምንት ወር ቡትዋል ከተማ ተቀምጬ ልማር ነው፤ ትምህርቱ ከጥቅምቱ የዳሻይን በዓል በኋላ ይጀምራል። ሆዷ የገፋ ተማሪ አይቀበሉም። ቢቀበሉም አማቴ አይለቁኝም፤ ልጆቹን የሚይዙልኝ ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ነገር እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የጤና ኬላዋን ነርስ ቦርሳ ልሸከም እየሮጥኩ ስሄድ የሳቅሽብኝ አንቺ ነሽ።

ከሱቅ ስልክ ለሂክማት ነገርኩት። ‘ሁለት ልጆች አሉን፤ ያልሽው ይሁን። እማ ግን እንዳትሰማ’ አለኝ።

ሐምሌ 3 ታንሰን ከተማ ወረድኩ። ጤና ጣቢያው ፈቃድ ያለው ነው። ስምንት ሳምንት ሆኖሻል ብለውኝ የመጀመሪያዋን ኪኒን እዚያው ዋጥኩ፣ የቀሩትን በማግስቱ ቤት ወሰድኩ። ማታውን ደሙ መጣ። ለአማቴ ‘አበባዬ መጣ’ ብዬ ወደ ጋጣዋ ክፍል ገባሁ። እትዬ፣ ያቺን ክፍል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገንኳት። ማንም አይገባ፣ ማንም አይጠይቅ። ሆዴን ይዤ እንደልቤ ተንከባለልኩ። በአምስተኛው ቀን ታጥቤ ወደ ማድቤት ተመለስኩ፤ ደሙ ግን ትንሽ ትንሽ እያለ እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ቆየ። ለማን ልንገር? ዝም ብዬ ሩዝ ቀቀልኩ።

አሁን የምፈራው ይህን ነው። ከታንሰን የገዛኋትን የሽንት መመርመሪያ ሐምሌ 24 ሞከርኩ። ሁለት መስመር። ሁለተኛዋ ደብዘዝ ያለች ናት፣ ግን አለች። ኪኒኑ አልሠራ ይሆን? አሁንም አለ ማለት ነው? እዚያ ክሊኒክ ያሉትን ጠይቂልኝ። የማምነው አንቺን ብቻ ነው።

ታናሽ እህትሽ ቱልሳ

ነሐሴ 8 ቀን

ለልጄም ለእህቴም ለምቆጥርሽ ቱልሳ፣

ዕድሜሽ እንደ ወንዙ ይርዘም፣ ቀለምሽ እንደ ማለዳ ይድመቅ። እኔ ደህና ነኝ። ዴህራዱን ዝናብ በዝናብ ሆናለች፤ ያጠብኩት አንሶላ ሦስት ቀን ሙሉ አልደርቅ ብሎኛል። ደብዳቤሽ በአሥራ ሁለት ቀኑ ደረሰኝ። ልብስ መተኮሻው ክፍል ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ አነበብኩት። ወዲያው ሲስተር ሊላማ ዘንድ ሄድኩ። ዋና ነርሳችን ናት፤ ደቡብ ሕንድ ተወልዳ ሃያ ስድስት ዓመት ሴት ስታዋልድ የኖረች፣ ቁጡ ግን ልበ ቅን። ስምሽን አልነገርኳትም። ‘ለአንዲት ዘመዴ’ ስላት ‘ሁልጊዜ ለዘመድ ነው’ ብላ ሳቀችብኝ። እኔን መስሏት ነው መሰለኝ፤ በአርባ አንድ ዓመቴ አመሰግናታለሁ።

አሁን ስሚኝ። መጀመሪያ፣ ያቺ ምርመራ አትዋሽም፣ ግን ትዘገያለች። እርግዝናው ከወጣ በኋላም ቅሪቱ ከደም ውስጥ እስኪጠራ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሁለት መስመር ልታሳይ ትችላለች። አንቺ የሞከርሽው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ቸኮልሽ። አምስት ሳምንት ሲሞላሽ ሌላ ገዝተሽ ሞክሪ።

ሁለተኛ፣ ቀኑን ደሙ ከጀመረበት ቁጠሪ፣ ካቆመበት አይደለም። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ድረስ አበባሽ ባይመጣ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ሰውነት እንደ ተገለበጠ ጋሪ ነው፣ ቀና ብሎ መንገዱን እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል። ስምንት ካለፈ ግን ቤት ተቀምጠሽ አታሰላስዪ፤ ሄደሽ ታዪ።

ሦስተኛውን ሲስተር ሊላማ ሁለት ጊዜ አስደግማኛለች። ትኩሳት ከያዘሽ፣ የሚሸት ፈሳሽ ካየሽ፣ የማይለቅ የሆድ ቁርጠት ከመጣ፣ ወይም በሰዓት ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ደም ሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ አማትሽ ሰሙ አልሰሙ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ። ማቅለሽለሹስ ቆሟል? ጡትሽስ ያምሽ ነበር፣ ተወሽ? ደግሞ ለምርመራ ተመልሰሽ ከሆነ ሌላ ነገር ሰጥተውሽ ነበር? የሚዋጥ ወይም የሚወጋ? ይህን ሳታልፊ ጻፊልኝ።

በመርፌ ነገር የመምህሩ ምራት ዳንኩማሪ ትዝ አለችኝ። ከመንደራችን የመጣ ሹፌር ሲያወራ፣ ባሏ ማሌዢያ ከሄደ ሦስት ዓመቱ፣ እሷ ግን በየሦስት ወሩ የመከላከያ መርፌ ልትወጋ ታንሰን ትወርዳለች አሉ። ለማን ይሆን? ለጎሹ? እኔና አብራኝ የምትሠራዋ ልጅ አንሶላ ይዘን ስንስቅ ዋልን።

በይ አይዞሽ። አንቺ ትምህርቱን ጀምሪ፤ ለትምህርት ቤት የምትለብሺውን ነጭ ሹራብ ልሠራልሽ ክሩን ከአሁኑ ገዝቻለሁ።

እትዬሽ ካውሺላ

ነሐሴ 23 ቀን

ለተከበርሽው እትዬ ካውሺላ፣

እግርሽን ዳስሼ ሰላም እልሻለሁ። ደብዳቤሽ ደረሰኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አንብቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኛሁ። ባግዋቲ ሲስተር ሊላማንም ትባርክልኝ።

ለጠየቅሽኝ መልስ፦ ትኩሳት የለኝም። የሚሸት ነገር የለም። ሆዴን አያመኝም። ማቅለሽለሹ ኪኒኑን በወሰድኩ ሳምንት ሳይሞላ ነው የተወኝ፤ ጡቴም ደህና ነው። ሁለተኛ ምርመራ አድርጊ ያልሽውን ግን ፈራሁ። ሁለት መስመር ድጋሚ ባይስ? ባላይ ይሻለኛል ብዬ ተውኩት።

ዛሬ ሰባት ሳምንት ሞላኝ። አበባዬ የለም፤ ጠብታ እንኳ። አሁን ደግሞ የሚቆጥረው ሌላ ሰው ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ምስር እያማሰልኩ አማቴ በሩ ላይ ቆመው ‘ሩዝ ከተከልን ወዲህ ከዚህ ማድቤት ወጥተሽ አታውቂም’ አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። በማግስቱ የእርጎውን አናት ገፍፈው ለእኔ አስቀመጡልኝ። የእርጎ አናት፣ እትዬ፤ በሰባት ዓመት ትዳሬ ለልጃቸው እንጂ ለእኔ ቀርቦ አያውቅም። ከዚያ ለጎረቤታችን ለዴቭኪ ነገሯት፣ ዴቭኪ ለኮረብታው ሁሉ። ወንድ ነው ተብሎም ተወስኗል፤ አረማመዴ ያስታውቃል አሉ።

ያን ጊዜ ሞኝ ነገር ሠራሁ። ሳይመጣ ‘መጣ’ ብዬ ወደ ጋጣዋ ክፍል ገባሁ። እርጎው ይቀራል፣ ወሬውም ይበርዳል ብዬ ነው። አማቴ ምንም አላሉም። በሦስተኛው ቀን ግን ከታችኛው ቧንቧ ጨርቆቼን ሳጥብ ቀና ብል ከላይ ቆመው ያዩኛል። እኔን አይደለም፤ ከድንጋዩ የሚወርደውን ውሃ። ውሃው ንጹሕ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እርጎው ቀርቷል። ንግግሩም ቀርቷል። ‘ሩዝ’፣ ‘ውሃ’፣ ‘ልጆቹን አስገቢ’ ብቻ ነው። ምን እንደሚያስቡ አላውቅም። አርግዛ ትደብቀኛለች ይሆን የሚሉት? ባል በሌለበት ቤት የሚደበቅ እርግዝና ምን ስም እንደሚሰጠው ታውቂያለሽ።

ስለዚህ አንድ ነገር ወስኛለሁ። የታንሰንን መንገድ ናዳ ዘግቶታል። ገበያው ግን በእግር ሁለት ሰዓት ነው፤ እዚያ ያለ አንድ ሰው ያንኑ ኪኒን ያለ ወረቀት ይሸጣል ይባላል። ከሴቶቹ የቲጅ በዓል በፊት ባለው ገበያ ሄጄ ገዝቼ ድጋሚ ልውሰደው። ካለ ይወጣል፣ ከሌለም ምን ይጎዳኛል? የትምህርት ቤቱ ስም ዝርዝር መስከረም 20 ይዘጋል፤ የቤተሰብ ፈቃድ ተፈርሞ መግባት አለበት። ጊዜ የለኝም።

ታናሽሽ ቱልሳ

ጳጉሜን 3 ቀን

ቱልሳ፣

ሰላምታውንና ምርቃቱን በሚቀጥለው እጥፍ አድርጌ እከፍልሻለሁ። ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደርሶኝ ወዲያው ስልክ ደወልኩ። አማትሽ አነሱት። ከኋላ ዴቭኪ ስትስቅ ይሰማኛል፣ ዶሮም ይሰማኛል። ምን ልበል? ስለ ጎሿ ጠየቅኩ፣ ስለ ጉልበታቸው ጠየቅኩ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅኩ። አንቺ ሣር ልታጭጂ ወጥተሻል አሉኝ። መጨረሻ ላይ ሌላ ቢጠፋኝ እንዲህ አልኳቸው፦

‘ለቱልሳ ንገሩልኝ፤ ለፍየሏ ልትሰጥ ያሰበችውን መድኃኒት ድጋሚ እንዳትሰጥ። የዚህ አገር ሐኪም ፍየሏ ጤነኛ ናት ብሏል።’

‘የትኛዋ ፍየል?’ አሉኝ።

‘እሷ ታውቃለች’ ብዬ ዘጋሁት። አንሶላ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከዚያም ሳቅኩ። መልእክቱ ደርሶሽ ከሆነ ይህ ደብዳቤ ለማብራሪያ ነው፤ ሀገር በሚገባ ሰው እጅ ልኬዋለሁ።

ያንን ኪኒን ከማያውቁት ሰው፣ በራስሽ ግምት፣ እንዳትወስጂ። ማቅለሽለሹ ከቆመ፣ ጡትሽ ደህና ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ተሠርቷል ማለት ነው። ‘አብዛኛውን ጊዜ’ ደግሞ እርግጠኛ መሆን አይደለም። እርግጠኛ የሚያደርግሽ አንድ የሽንት ምርመራና አንድ የሚያይሽ ሰው ነው። ናዳውን ዙሪውና ሂጂ።

አሁን ዋናው። በነሐሴው ደብዳቤዬ ሌላ ነገር ሰጥተውሽ ነበር ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር። ሁሉን መልሰሽ ያቺን ብቻ ዘለልሽ። ሲስተር ሊላማ ደብዳቤሽን ሳነብላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሱን ነው። የሦስት ወር መርፌ የተወጋች ሴት አበባዋ ሊጠፋ ይችላል፤ ሦስት ወርም፣ ከዚያም በላይ። በሽታ አይደለም፣ እርግዝናም አይደለም፤ መርፌው ሥራውን እየሠራ ነው። ተወግተሽ ከሆነ ይህን ሁሉ መከራ በከንቱ ነው ያየሽው።

ለምን እንደዘለልሽው አልገባኝም። ከእኔ ምን ደበቅሽ?

ካውሺላ

መስከረም 12 ቀን

ለምወድሽ እትዬ ካውሺላ፣

እግርሽን በሁለት እጄ ዳስሼ ሰላም እላለሁ። በዚህ አዲስ ወር ደስታ ይግባልሽ፤ ባግዋቲ ያላጣሽውን አትንሳሽ፣ ያጣሽውን ትስጥሽ።

አዎ፣ ተወግቻለሁ። ሐምሌ 17 ለምርመራ ስመለስ። ሂክማት ለዳሻይን ለአንድ ወር ይመጣል፤ በትምህርቱ ደጃፍ ላይ ያው ነገር እንዳይደርስብኝ ብዬ ራሴ ነኝ የጠየቅኳቸው። አበባሽን ሊያጠፋው ይችላል ብላ ነርሷ ነግራኝ ይሆናል፤ ያን ቀን ጆሮዬ ውስጥ የሚጮህ ነገር ነበር፣ ሁሉንም ‘እሺ’ እያልኩ ወጣሁ። ልጽፍልሽ ብዕር አንስቼ ነበር። ግን በዚያው ደብዳቤሽ፣ ከጥያቄሽ በታች፣ ዳንኩማሪ ነበረች። ባሏ በሌለበት መርፌ የምትወጋዋ። ‘ለማን ይሆን?’ ብለሽ የሳቅሽባት። እኔም ባሌ የለም፣ እትዬ። እኔም ታንሰን ወርጃለሁ። አንሶላውን ይዘሽ በእኔ እንድትስቂ አልፈለግኩም።

አሁን የሆነውን ላውራሽ።

አንቺ ከደወልሽ በኋላ አማቴ ፍየሎቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩዋቸው፤ ጆሮ፣ አፍ፣ ጭራ። ከሣር ስመለስ መልእክትሽን ቃል በቃል ነገሩኝ፤ ዓይን ዓይኔን እያዩ። ገበያ አልሄድኩም። ይህን ያህል ነው ያዳንሽኝ።

ከቲጅ በኋላ ያለው ቀን ደረሰ፤ ያው በአበባችን ሳለን ባለማወቅ ለነካነው ሁሉ ይቅር እንዲባልልን ወንዝ ወርደን የምንታጠብበት። ለዓመቱ ቀን በቀን አንዳንድ የሚቆጠረውን ሦስት መቶ ስድሳ አምስቱን የጥርስ መፋቂያ እንጨት ይዘን ከሌሎቹ ሴቶች ራቅ ብለን ከድንጋይ ጀርባ ተቀመጥን። አማቴ እንጨቱን እየቆጠሩ ጥርሳቸውን እየፋቁ ድንገት አቆሙ።

‘ሦስት ፍየል ነው ያለን’ አሉ። ‘ሦስቱም ጤነኛ ናቸው። የታመመው ማነው?’

ነገርኳቸው። ከሰኔ ጀምሬ፣ ፈተናውን፣ ኪኒኑን፣ ሁለቱን መስመር፣ የውሸቱን አራት ቀን። ወንዙ ይጮሃል፣ እኔ ቀስ ብዬ አወራለሁ፤ ምን ያህሉን እንደሰሙ አላውቅም ነበር። ይጮሁብኛል ብዬ የጠበቅኩት ስለ እርግዝናው ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ ሌላ ነው።

‘ስንት ቀን ደማሽ?’

‘አሥራ ሁለት።’

‘በአምስተኛው ቀን ታጥበሽ ወደ እሳቴ ወጥተሻል።’

‘አዎ፣ እማማ።’

‘ስምንት ቀን በደም እጅሽ አብልተሽኛል።’

ሰባት ዓመት ሙሉ እንዳየኋቸው፣ ለእሳቸው ከዚህ የሚበልጥ ኃጢአት የለም፤ የጎሽ ወተት ያነጥፋል፣ የበላውንም ያሳምማል ይላሉ። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

‘ጎሿ ወተት ነስታለች?’ አሉ።

‘አልነሳችም። እንዲያውም ጨምራለች።’

‘እኔስ ታምሜአለሁ?’

‘ከጉልበትዎ በቀር አልታመሙም።’

‘ጉልበቴ ከአንቺ በፊት ነው’ አሉ። ከዚያ ወደ እንጨታቸው ተመለሱ፤ ስንተኛው ላይ እንደነበሩ ጠፍቷቸው እንደገና ከአንድ ጀመሩ።

ሁለት መቶ አካባቢ ሲደርሱ ሳይዞሩ አወሩ። በእሳቸው ዘመን ለዚህ ነገር ወህኒ ነበር። የባላቸው ታናሽ እህት በሥር አስወርዳ ኖሮ ባሏ ራሱ አሳልፎ ሰጣት፤ ስትፈታ ልጆቿ አላወቋትም። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

‘ለልጄ ነግረሻል። ከሩቅ አገር ያለው አወቀ፣ ከአንድ ሰሃን የምበላው እኔ አላወቅኩም። ውሃ ሥር ቆመሽ ንጹሕ ጨርቅ ከምታጥቢብኝ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?’

‘ትምህርቱን እንዳይከለክሉኝ ፈራሁ።’

‘እከለክልሽ ነበር’ አሉ። አልዋሹም። ‘ለዴቭኪም ወንድ ነው ብያታለሁ። አሁን ምን ልበላት?’

በአራተኛው ቀን፣ መስከረም 6፣ ናዳውን በላይኛው ጫካ ዞረን ታንሰን ወረድን። እኔ ብቻዬን ልሂድ ብላቸው ‘መንገዱን አታውቂውም’ አሉኝ፤ ሁለት ጊዜ የተመላለስኩበትን። ነርሷ ሽንቴን ወሰደች። እኔ ግድግዳውን ሳይ፣ አማቴ ግን ከነርሷ ትከሻ ላይ ተንጠልጥለው ያቺን ወረቀት አዩ፣ ጮክ ብለውም ‘አንድ’ አሉ። አንድ መስመር ነው፣ እትዬ። ነርሷ ሆዴንም አይታ ማህፀኔ ወደ ቦታው ተመልሷል፣ ምንም የቀረ የለም አለችኝ። ሱሪዬን እያሰርኩ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

‘እና አበባዋ የት ሄደ?’ አሉ አማቴ።

ነርሷ ካርዴን ገልብጣ ‘የሦስት ወር መርፌ ተወግታለች እኮ’ አለች። ለእሳቸው ያልነገርኳቸው ይቺ ብቻ ነበረች። ፊታቸው ጠቆረ።

‘ባሏ ኳታር ነው’ አሉ።

‘ለዳሻይን አይመጣም?’ አለች ነርሷ።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። ጣታቸውን አጥፈው ከመርፌው እስከ ዳሻይን ቆጠሩ፤ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት። ‘እንግዲያ ቀኑን አውቃ ነው’ አሉ፣ ለነርሷ ሳይሆን ለራሳቸው። ቀጥለው የጠየቁት ግን ሁላችንንም አሳቀን፤ ደሙ ካልመጣ ምራቴ መቼ መቼ ነው ከማድቤት የምትወጣው አሉ። ነርሷም እንዲህ አለቻቸው፦ ‘እናቴ፣ እስኪመጣ ታብስልልዎታ። እርስዎ ይረፉ።’

ስንመለስ ከሻይ ቤቱ አረፍን። ሻያቸውን በሳህኑ እያበረዱ ትምህርቱ ስንት ወር እንደሆነ ጠየቁኝ። አሥራ ስምንት አልኳቸው። ልጆቹ ቅማል ቢያፈሩ እንዳይጠየቁ፣ ሂክማትም ለራሱ ልጆች የት/ቤት ጫማ እንዲልክ፣ እኔም በየአሥራ አምስት ቀኑ እንድደውል አስጠነቀቁኝ። የፈቃዱ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከሻይ ቤቱ ሰውዬ ቀለም ተውሰው አውራ ጣታቸውን አተሙበት፤ ተበላሸ ብለው ሁለት ጊዜ።

ዛሬ ጠዋት አስገብቼዋለሁ።

ቱልሳ

መስከረም 28 ቀን

ለጎበዟ ቱልሳ፣

ዕድሜሽ ይርዘም፣ እጅሽ ሕይወት የሚቀበል ይሁን። ደብዳቤሽን ለሲስተር ሊላማ ሳነብላት ዓይኗን በመጎናጸፊያዋ ጠረገች፣ ከዚያ አልጋ አላነጠፍሽም ብላ ተቆጣችኝ።

ስለ ዳንኩማሪ የጻፍሽውን ግን አላነበብኩላትም። አፍሬ ነው። የመንደር ሐሜት ነው ብዬ የወረወርኩት የአንቺን አፍ ዘግቶ ሳምንታት አስጨነቀሽ፤ ጭራሽ የገበያ ኪኒን ሊያስውጥሽ ነበር። ሴትዮዋ ለማን እንደምትወጋ የእኔ ጉዳይ አልነበረም። ባሏም በዓመት በዓል ይመጣ ይሆናል፤ መች ጠየቅኩ? ሰላም በያት። ከማን እንደሆነ ብትጠይቅሽ ንገሪያት፤ ለምን እንደሆነ ብትጠይቅሽ ግን ምን እንደምትያት እኔም አላውቅም።

ሹራቡ ትከሻው ላይ ደርሷል። የእጅጌውን ርዝመት ላኪልኝ።

ካውሺላ

ጥር 11 ቀን፣ ቡትዋል

ለተከበርሽው እትዬ ካውሺላ፣

ከቡትዋል ሆኜ እግርሽን ዳስሼ ሰላም እላለሁ። ብርዱ እዚህ ይሻላል፣ ትንኙ ግን ይበልጣል። ሹራቡ በልክ ነው። ሂክማት ለዳሻይን መጥቶ ተመልሷል፤ መርፌውን አልደገምኩም፣ ኮንዶም ተጠቀምን፤ እሱም ከእናንተ ክሊኒክ ሐኪም አልበልጥም ብሎ ታዘዘ። ባለፈው ወር ሦስት ሴቶች ሲወልዱ ቆሜ አይቻለሁ። አንዷ እጄን ይዛ ልትሰብረው ነበር።

አበባዬ ዛሬ ጠዋት መጣ። በስድስት ወሩ። ሽንት ቤት ውስጥ ቆሜ እንደ ሞኝ ፈገግ አልኩ። ስምንት ሴቶች ነን አንድ ማድቤት የምንጋራው፤ ማብሰሉ በተራ ነው፣ የዛሬው ተራ ደግሞ የእኔ ነው። ከምዕራብ በኩል የመጣች አንዲት ልጅ በወሯ ጊዜ አሁንም በር ላይ ተቀምጣ ነው የምትበላው፤ ማንም ግድ አይላትም። እኔ ግን ሩዙን አጥቤ ጣድኩ። እጄ ትንሽ ዘገየ፣ አልዋሽሽም።

የመደወያ ቀኔ ስለሆነ ከሰዓት ቤት ደወልኩ። ድምፁ እንደተለመደው ተከፍቷል፣ ዴቭኪም አለች። ለአማቴ ‘ዛሬ ጠዋት መጣልኝ’ አልኳቸው። ዴቭኪ ‘ምኑ?’ ስትል ሰማኋት፤ እሳቸው ዝም አሏት። ከዚያ እኔን ጠየቁኝ።

‘ታዲያ ዛሬ ማን አበሰለ?’

‘ተራው የእኔ ነው፣ እማማ። እኔ ነኝ።’

ዶሮዋ ስትጭር ይሰማኛል፣ ትንሿ ልጄ ስትዘፍን ይሰማኛል።

‘ጨው እንዳታበዢባቸው’ አሉኝ። ‘የሰው ልጆች ናቸው።’

ቱልሳ